አልጋው ነበር፤ ነቅቶ የሚያድር ሰው ነው የጠፋው

ባለፈው የብርድ ወራት ያየሁት አንድ ነገር እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። ሥራ ላይ ሆኜ ይመጣብኛል። ማታ ብርድ ልብሴን ስስብ ይመጣብኛል። ብጽፈው ይቀለኝ ይሆናል ብዬ ነው።

ቤት ለሌላቸው ሰዎች የሌሊት ማደሪያ በሆነ አንድ መጠለያ ውስጥ እራት በማቅረብ አግዛለሁ። ያን ቀን ሲዘንብ ውሎ ማታ ላይ ብርዱ ጠና። እራት አልቆ ጠረጴዛ እየወለወልኩ ነበር፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፏል። በሩ ተንኳኳ። አስተባባሪያችን ሄዳ ከፈተች። አንድ ጠና ያሉ ሰውዬ ናቸው። ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ርሷል። በአንድ እጃቸው ፌስታል ይዘዋል፤ ሌላኛውን ብብታቸው ውስጥ ወሽቀውታል።

«አባት፣ ዛሬ ሞልተናል» አለቻቸው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ከዚያ የምትችለውን ሁሉ አደረገች። ትኩስ ሻይ ሰጠቻቸው፣ ደረቅ ካልሲና ብርድ ልብስ አመጣችላቸው፣ ወደ ሌላ መጠለያ ደወለች። እዚያም ቦታ የለም። ሰውዬው ሻዩን ቆመው ጠጡ፣ ኩባያውን መለሱላት፣ ብርድ ልብሱን ብብታቸው ስር ያዙና ሄዱ። አልለመኑም፣ አልተቆጡም። «እሺ ልጄ» ብቻ ነው ያሉት።

ከበሩ ስትመለስ «ለአንድ ሰው የሚሆን አልጋ እንኳ የለም?» አልኳት።

«አልጋማ አለ» አለችኝ። «ነይ ላሳይሽ።»

በኮሪደሩ መጨረሻ ያለውን ክፍል ከፍታ መብራቱን አበራችው። ፍራሾች ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ፣ ትራስ፣ ከላይ ፎጣ። ወለሉ ተወልውሎ ደርቋል፣ ማሞቂያው ይሠራል፣ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ሰው የለም።

«ይሄን ክፍል ለመክፈት ሌሊቱን ነቅተው የሚያድሩ ሁለት ሰዎች ያስፈልጉኛል» አለች። «ከዛሬ ተረኞች አንዷ ታመመች። በእሷ ምትክ ሰው ፍለጋ ስደውል ነው የዋልኩት።» መብራቱን አጠፋችና በሩን ቆለፈችው።

ጎኑ ያለው ዕቃ ቤት ደግሞ በልብስ ከመታጨቁ የተነሳ በሩ አይገጥምም።

## ያ ክፍል

ሰውዬውን ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ክፍሉ ግን አብሮኝ አለ።

ስለ ቤት አልባነት ሲወራ ሁልጊዜ የምንሰማው ስለ እጦት ነው። ገንዘብ የለም፣ ቦታ የለም፣ ልብስ የለም። እዚህ ግን ገንዘቡ ተገኝቶ ፍራሹ ተገዝቷል። ቦታው አለ። ልብሱ ተርፏል። ብዙ ሰው ብዙ ነገር ሰጥቷል፤ ሁሉም ከልቡ ነው የሰጠው። ያ ሁሉ መስጠት ተደማምሮ አንድ ሰው ላይ ሲደርስ ግን መጨረሻ ላይ አንድ ቀጭን ነገር ጎደለውና ተበጠሰ። የጎደለው ደግሞ ምንም የሚገዛ ነገር አይደለም። እንቅልፉን ለጥቂት ሰዓት የሚተው አንድ ሰው ነው።

መጀመሪያ የተናደድኩት በደንቡ ነው። አንድ ተረኛ ካለ ምናለ ቢከፈት? ሰው በብርድ እያደረ ቁጥር ይቆጠራል? ለአስተባባሪዋም ይህንኑ ነገርኳት። አልተቀየመችኝም። ቁጭ ብላ አስረዳችኝ።

የደከሙ ሰዎች ተኝተው በሞሉበት ክፍል ውስጥ ጭስ ቢነሳ በሩን የሚከፍትና የሚቀሰቅስ ሰው የግድ ነቅቶ መገኘት አለበት። አንድ ሰው ሌሊት የሚጥል በሽታ ቢነሳበት ወይም ትንፋሽ ቢያጥረው አንዱ አጠገቡ ሆኖ ሌላው አምቡላንስ መጥራት አለበት። ጠብ ቢነሳም እንደዚያው። ደግሞ ሌላም ነገር አለ። በሌሊት፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ፣ አንድ ሰው ብቻውን በተኙ ሰዎች ላይ ሥልጣን ሊኖረው አይገባም። ሁለት መሆን ተረኛውንም እንግዳውንም ይጠብቃል። «ለሚያድሩት ሰዎች ደህና ቦታ ነው ብዬ ቃል ገብቼላቸዋለሁ» አለችኝ። «ቃሌን ካልጠበቅኩ ነገ ለምን ይመጣሉ?»

መልስ አልነበረኝም። ደንቡ ልክ ነው። ስለዚህ ንዴቴን የማሳርፍበት ቦታ አጣሁ። ምናልባት ለዚያ ይሆናል እስካሁን የሚከነክነኝ።

## ብርድ ምን እንደሚያደርግ

ከዚያ በኋላ ለሌሊት ተረኞች የሚሰጠውን አጭር ሥልጠና ወሰድኩ። አንዲት ነርስ ናት የምታስተምረው። ያስተማረችን ነገር የሰውዬውን እርጥብ ሱሪ ደጋግሞ አስታወሰኝ።

ብርድ ሰው ለመግደል በረዶ አያስፈልገውም። ጤነኛ ሰውነት 37 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ35 በታች ከወረደ አደጋ ውስጥ ገብቷል። እርጥብ ልብስ ደግሞ ነገሩን ያፋጥነዋል፤ ውሃ ከአየር ይልቅ 25 ጊዜ ያህል በፍጥነት ሙቀት ይወስዳል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በላይ በሆነበት፣ ዝናብና ንፋስ ባለበት ሌሊት፣ የለበሰው ልብስ ሁሉ የራሰ ሰው ከባድ አደጋ ላይ ነው። እኛ በመስኮት አይተን «ዛሬ እንኳ ያን ያህል አይበርድም» በምንልበት ሌሊት ማለት ነው።

መጀመሪያ ሰውየው ይንቀጠቀጣል። ይህ መጥፎ ምልክት ቢመስልም ሰውነቱ ገና እየታገለ ነው። የሚያስፈራው መንቀጥቀጡ ሲቆም ነው። ንግግሩ ይጎተታል፣ ይደናገራል፣ እጁ ዚፕ መሳብ ያቅተዋል። ያየ ሰው ጠጥቷል ብሎ ያልፈዋል። አንዳንዱ መጨረሻ ላይ የሞቀው መስሎት ልብሱን ማውለቅ ይጀምራል። መጠጥም ቢሆን ያሞቃል የሚባለው ውሸት ነው። ቆዳ አጠገብ ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚከፍት ሰውየው ሙቀት ይሰማዋል እንጂ የውስጡ ሙቀት በፍጥነት እየወጣ ነው።

እግር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ለረጅም ሰዓት እርጥብ ሆኖ የቆየ እግር አየሩ 15 ዲግሪ ቢሆን እንኳ ይጎዳል። ይነጣል፣ ይደነዝዛል፣ ያብጣል፣ ቆዳው ይላጣል። ካልታከመ ቁስሉ ያመረቅዛል። ነርሷ ይህን ስትነግረን አንድ ጥንድ ደረቅ ካልሲ ከጠረጴዛው ላይ አንስታ አሳየችን። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

## ዕቃ ቤቱ

እስቲ ወደዚያ በሩ ወደማይገጥመው ዕቃ ቤት ልመለስ።

ብርዱ ሲገባ፣ በተለይ በዓል ሲቃረብ፣ ሰው ይሰጣል። መኪና ሞልቶ የሚያመጣ አለ። ልጆቹን ይዞ የሚመጣ አለ። እኔ ይህን ደጅ ላይ ቆሜ ስቀበል ደስ ይለኛል፤ «ጠግቦ ያደረ የተራበ ያለ አይመስለውም» የሚለው ተረት ለሁሉ ሰው እንደማይሠራ የማየው እዚያ ነው። ቤቱ ሞቆ እያደረ፣ የበረደው ሰው እንዳለ የሚያስብ ብዙ ነው።

ከረጢቶቹ ሲፈቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚወጣው የበጋ ልብስ ነው። የሴት ቀሚስ፣ የሕፃን ጫማ፣ ዚፑ የተበላሸ ጃኬት፣ ያልታጠበ አንሶላ። መጠለያው የሚያሳድረው በአብዛኛው ትልልቅ ወንዶችን ነው። የሚፈለገው ወፍራም ካልሲ፣ አዲስ የውስጥ ሱሪ፣ ሰፊ ቁጥር ጫማ፣ ጓንት፣ ፎጣ፣ ለሴቶቹ ሞዴስ ነው። የውስጥ ሱሪ የሚያመጣ ሰው በጣም ጥቂት ነው፤ ሰው ለስጦታ ያፍርበታል መሰለኝ። ማንም ሰው ሌላ ሰው የለበሰውን የውስጥ ሱሪ መልበስ እንደማይፈልግ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ቤት የሌለውም ሰው ያው ሰው ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያየው ነገር ልብስ ሥራ መሆኑ ነው። መፈታት አለበት፣ መለየት አለበት፣ መታጠብ አለበት፣ በቁጥር መደርደር አለበት። የማይሆነውን ማስወገዱም ድካም ነው። ያን ሁሉ የሚሠሩት ደግሞ ሌሊት ተረኛ ሊሆኑ የሚችሉት እነዚያው ጥቂት ሰዎች ናቸው። ሦስት ሰው ቀኑን ሙሉ ከረጢት ሲፈታ ውሎ፣ ማታ ላይ ደክሞት ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ያ ክፍል ተቆልፎ ሲያድር አይቻለሁ። ስጦታው ራሱ ጉልበት በላ ማለት ነው።

ለዚህ ነው አሁን ሰው ሲጠይቀኝ ገንዘብ መስጠት ከቻልክ ገንዘብ ስጥ የምለው። ገንዘብ ማጠቢያ ማሽን ያስጠግናል፣ የማሞቂያ ሒሳብ ይከፍላል፣ በትክክለኛው ቁጥር ጫማ ይገዛል። ዕቃ ማምጣት የሚፈልግ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ይደውል። «ዛሬ ምን ጎደላችሁ?» ብሎ መጠየቅ አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ይህን የምለው የሰጪውን ልብ ለማሳነስ አይደለም። ያ ልብ መንገድ ላይ እንዳይቀር ነው።

## ሰዓትና ቦታ ያለው ጥሪ

ይህን ሳስብ ደጋግሜ የምመለስበት አንድ የድሮ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 1954 ነው። ፓሪስ በከባድ ብርድ ተይዛ ነበር። አቤ ፒየር የሚባሉ ካቶሊክ ቄስ በራዲዮ ቀርበው፣ አንዲት ሴት በዚያው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቡልቫር ሴባስቶፖል ላይ በብርድ ደርቃ እንደሞተች ተናገሩ። በእጇ ከቤት እንድትወጣ የታዘዘችበትን ወረቀት ይዛ ነበር። (ቄሱ ከሞቱ ከዓመታት በኋላ፣ በ2024፣ በሴቶች ላይ ጾታዊ ጥቃት ማድረሳቸውን የሚገልጹ ብዙ ምስክርነቶች ወጥተዋል። የማነሳው ጥሪውን እንጂ ሰውየውን ላወድስ አይደለም።)

እኔን የሚገርመኝ የጥሪው አሠራር ነው። እዘኑ ብሎ አላቆመም። 5,000 ብርድ ልብስ፣ 300 ትልልቅ ድንኳን፣ 200 ማሞቂያ ምድጃ ብሎ ዘረዘረ። ዕቃው በፍጥነት የሚደርስበትን ቦታ ተናገረ፤ አንድ ሆቴል ነው፣ ሮቼስተር የሚባል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በጎ ፈቃደኞችና የጭነት መኪኖች በዚያው ማታ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ የት እንደሚገናኙ ነገራቸው፤ መንገድ ላይ የተኙትን ሰዎች የሚሰበስቡት እነሱ ናቸው። ቁጥር አለው፣ አድራሻ አለው፣ ሰዓት አለው፣ ሌሊቱን የሚወጣ ሰው ይጠይቃል።

ሕዝቡ ጎረፈ። የመጣው ዕቃ ከመብዛቱ የተነሳ የኦርሴ ባቡር ጣቢያ ሳይቀር ማከማቻ ሆነ። ሊሰበሰብ የቻለው ገንዘብ ወደ 500 ሚሊዮን ፍራንክ ይጠጋል። ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በታኅሣሥ 1956፣ ፈረንሳይ በብርዱ ወራት ተከራይን ከቤት ማስወጣት የሚከለክል ሕግ አወጣች። ሕጉ ዛሬም አለ። የአንድ ሌሊት ድንጋጤ ወደ ሕግ መቀየሩ ለእኔ የታሪኩ ዋና ነገር ነው፤ ድንጋጤ በራሱ ሳምንት አይቆይማ።

እኛ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። እውነት ነው። ግን ሃምሳው ሰው የት፣ ስንት ሰዓት ላይ ተገናኝቶ ሎሚውን እንደሚያነሳ አንድ ሰው መናገር አለበት። የእኛ መጠለያ የጎደለው ያ ነበር። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ «በጎ ፈቃደኞች እንፈልጋለን» ነው የሚለው። ለማን? መቼ? ለስንት ሰዓት? ያነበበው ሁሉ ለሌላ ሰው የተጻፈ መስሎት ያልፈዋል።

## ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12

ከአስተባባሪዋ ጋር ቁጭ ብለን ሌሊቱን ለሦስት ከፈልነው። ከምሽቱ 3 እስከ 6፣ ከ6 እስከ 9፣ ከ9 እስከ ንጋቱ 12። በፊት ሙሉ ሌሊት ነበር፤ ሥራ ያለው ሰው እንዴት አድርጎ ይሞክረዋል? ሦስት ሰዓት ሲሆን ግን ብዙ ሰው እሺ አለ። ዘግይቶ ተራ ያለው ሰው ማታ መጥቶ ትንሿ ቢሮ ውስጥ ጋደም ይልና ሰዓቱ ሲደርስ ይቀሰቀሳል። ማስታወቂያውንም ቀየርነው፤ አሁን ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎ ባዶ መስመር አለው፣ ስም የሚሞላበት።

እኔ የመጨረሻውን ተራ ነው የምወስደው። መብራቱ ደብዝዞ ነው የሚያድረው። ከማሞቂያው አጠገብ ጫማዎች ተደርድረዋል፤ እርጥቦቹ ውስጥ ጋዜጣ ተጠቅጥቋል፣ እርጥበቱን እንዲመጥ። አንድ ሰው ግን ጫማውን ማሞቂያው ጋ አያስቀምጥም። ትራሱ ስር አድርጎ ነው የሚተኛው። ማንም ለምን ብሎ አይጠይቀውም፤ አንድ ጊዜ ጫማው የተሰረቀበት ሰው መሆኑን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም።

ሳል አለ። በእንቅልፍ ልብ የሚናገር አለ። ከሁሉ በላይ የሚበዛው ግን ምንም አለመሆኑ ነው፤ ቁጭ ብለህ ሰው ሲተነፍስ ትሰማለህ። የተረኛ ሥራ በአብዛኛው ይኸው ነው።

አንድ ወጣት አለ። ሁልጊዜ ከመተኛቱ በፊት ይመጣና «እህቴ፣ 10 ተኩል ላይ ትቀሰቅሺኛለሽ?» ይለኛል። የጽዳት ሥራ አለው፤ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይገባል። የሥራ ልብሱን አጣጥፎ ፍራሹ ስር ያደርገዋል፣ ተተኩሶ እንዲያድር። ሥራ ያለው ሰው መጠለያ ያድራል ብሎ የሚያስብ ስንቱ ነው? ደሞዙ ለምግብና ለትራንስፖርት ይበቃል፣ ለቤት ኪራይ ቅድመ ክፍያ ግን አይበቃም። ሰው ስቀሰቅስ በእጄ አልነካም። እግሩ አቅጣጫ ቆሜ ስሙን ቀስ ብዬ እጠራለሁ። መንገድ ላይ የተኛ ሰው ሲነካ ተደባድቦ ነው የሚነቃው፤ ይህንንም ነርሷ ናት ያስተማረችን። እሱ ግን ገና ስሙን ሳልጨርስ ይነሳል።

አንድ ጓደኛዬ «መጠለያ እኮ መፍትሔ አይደለም፤ ቁስል ላይ ፕላስተር መለጠፍ ነው» አለኝ። ልክ ነው። መፍትሔው ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ኒው ዮርክ ውስጥ ሳም ትሰምበሪስ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ሰውን መጀመሪያ ሱሱን ተው፣ መጀመሪያ ታከም ሳይባል በቀጥታ ቤት የሚሰጥ ፕሮግራም ጀመረ። ፊንላንድም ከ2008 ጀምሮ ይህንኑ የአገር ፖሊሲ አድርጋ ብዙ የሌሊት ማደሪያዎቿን ወደ ኪራይ አፓርታማ ለውጣለች፤ የቤት አልባዎቿም ቁጥር እስከ 2023 ድረስ ለዓመታት እየቀነሰ ሄዶ ነበር። ያ ወጣት የሚያስፈልገው የእኔ ነቅቶ ማደር አይደለም፤ የራሱ ቁልፍ ነው። ስለዚህ ለቤት ጉዳይ የሚጮህ ሰው ካለ እኔም አብሬው እጮሃለሁ። ግን ቤቱ እስኪመጣ ድረስ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ በሩን የሚያንኳኳው ሰው ሱሪው እርጥብ ነው። ሁለቱን የሚያጋጭ ሰው ሲያጋጥመኝ አይገባኝም። እዚያ ሌሊት ያደረ ሰው ነው ስለ ቤት አጥብቆ የሚከራከረው፤ እኔ ራሴ ከመጀመሪያው ሌሊት በኋላ ነው ስለ ኪራይ ሕግ ማንበብ የጀመርኩት።

## ዘንድሮ

አሁን ያ ተቆልፎ ያደረው ክፍል አብዛኛውን ሌሊት ይከፈታል። ሁልጊዜ አይደለም። በዓሉ እስኪያልፍ ድረስ ዝርዝሩ በስም ይሞላል፤ ከበዓል በኋላ ሰው ይበታተናል። ብርዱ ግን አይበታተንም። በጣም የምንቸገረው በእነዚያ በመጨረሻዎቹ የብርድ ሳምንታት ነው፤ ሰው ሁሉ ወቅቱ ያለፈ ይመስለዋል፣ ሌሊቱ ግን ገና ይቆርጣል። ስለዚህ ስለ መስጠት የምታስቡ ካላችሁ፣ ስማችሁን ለዚያን ጊዜ አስመዝግቡ። የካልሲውንም ግማሽ ለዚያን ጊዜ አስቀሩት። ሌሊት መቆየት የማትችሉ ከሆነ ጠዋት አንሶላ የሚያጥብ ሰው ይፈለጋል፤ ያ ሰው ሲገኝ የሌሊቱ ተረኛ በጊዜ ገብቶ ይተኛል፣ በማግስቱም ተመልሶ ይመጣል።

የእሁድ ለሰኞ ሌሊት የመጨረሻ ተራ እስካሁን ሰው አላገኘንለትም። ሁሉም ሰኞ ጠዋት ሥራ ይገባል። ሰኞ ሥራ የማይገባ ሰው የምታውቁ ከሆነ እባካችሁ አገናኙኝ።